የመሸበት ተማሪ

ለትምህርት ከአገሩ የወጣን እንግዳ መቀበል በመንዝ ደጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ አስቀድሞ የነበረ ወግ ነው። የቆሎ ተማሪ ዘመድ በማይጎበኘው ቀዬ ርቆ ቢማር ይሻለዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የመንዟ ሞላሌ አካባቢ ከሩቅ የመጡ ደበሎ ለባሾችን ሲያኖር የራሱን ልጆች ደግሞ ለቅኔ ወደ ጎጃም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሸኝ ነበር። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የምትሰጠው እናት የእሷም ልጅ በዚያችው ሰዓት ከሌላ ሰው ደጃፍ እንደቆመ ታውቃለች። መንገደኛውም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው።

ከባሕር ማዶ ከመጣ ተማሪ ጋር ወዳጅ ሆኖ ስለ ክርስትና መነጋገርም ከዚህ ቅደም ተከተል ብዙ አይርቅም። ጉዳዩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስብከቱ ከማዕዱ ሲቀድም ነው።

እንዲህ ያለ ወዳጅነት በጽሑፍ ተመዝግቦ ከቀረባቸው ታሪኮች አንዱ የአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከመንዝና ግሼ በስተሰሜን ባለችው ቤተ አምሓራ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ኢየሱሳውያን ከተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ወግነው ስለነበር ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ አገር ለቀቁ፤ ኋላም ሮም ገብተው በቫቲካን ባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያው ድረስ ፈልጓቸው መጣ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ የተማረ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስም የአውሮፓውያኑን የሰዋስው ስልት አያውቁትም፤ እንደ የኔታ እያነበቡ፣ እየተረጎሙ፣ ሲጠየቁ እየመለሱ አስተማሩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ እንግዳና ባለቤት ቦታ ተለዋወጡ። የጎታው መስፍን ኤርንስት ካህኑን ወደ ጀርመን አስጠሩ፤ በ1652 በቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠው ስለ አገራቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚቀርብላቸውን ጥያቄ ሲመልሱ ከረሙ። መስፍኑም ሉዶልፍም ሉተራውያን፣ እንግዳው ደግሞ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው በሮም ጥላ ያደሩ ሰው ስለነበሩ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነገር ይነሣ ነበር ማለት ነው። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ አላቋረጡም። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው በእስክንድሮና አቅራቢያ ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍ እስከ ዕለተ ሞቱ ሉተራዊ ሆኖ ኖረ፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ሲያሳትም ግን ከመምህሩ አንደበት የሰማውን ይዞ ነው።

ሉዶልፍ ካሳተማቸው ጽሑፎች መካከል የዐፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ ይገኛል። ንጉሡ በ1555 የጻፉት ኢየሱሳውያን የኢትዮጵያን ክርስትና የአይሁድ ነው ብለው ሲነቅፉት ነበር። ግዝረቱ እንደ ፊት መበጣት ወይም እንደ ጆሮ መበሳት የአገር ልማድ እንጂ የእምነት ሕግ እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ከሌላ አገር ክርስቲያን ጋር የሚነጋገር ሰው ዛሬም የሚቸግረው ይኸው መለየት ነው። በርበሬው፣ ነጠላው፣ ጫማ ማውለቁ፣ ጾሙ ለእንግዳው ሁሉም አንድ ላይ «ሃይማኖት» መስሎ ይታየዋል፤ ለባለቤቱም አንዳንዴ እንደዚያው ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት ታሪኩ ወደ ኢትዮጵያ ይዞራል። ጳውል ቨርጊስ የተባለ የኬረላ ሕንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመምህርነት መጥቶ አማርኛ ተማረ፤ ተማሪዎችንም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ያሰባስብ ነበር። ይህ ሰው ኋላ የሕንድ ኦርቶዶክስ ጳጳስ፣ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ሆኗል። ቋንቋውን መማሩ ከማንኛውም ስብከት በፊት የከፈለው የቤት ኪራይ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ኢትዮጵያ በአክራ ጉባኤ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች፤ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮም በአዲስ አበባ ተምረዋል። እነዚህ እንግዶች ከቅኝ ግዛት ጋር ከሚታገሉ አገሮች የመጡ በመሆናቸው በፖለቲካ ንቁ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ብዙ ነገር ቀሰሙባቸው። ማደሪያው ውስጥ ተማሪውና አስተማሪው ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የደቡብ ሱዳንና የሌሎች ጎረቤት አገሮች ተማሪዎች አሉ። የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤም የወንጌላውያኑ ፌሎሺፕም በር አለው፤ ለእንግዳ ከባዱ ቀን ግን የጉባኤ ቀን ሳይሆን በዓል ነው። የምዕራቡን አቆጣጠር የሚከተለው ገና በታኅሣሥ 16 አካባቢ ማንም ሳያስታውሰው ያልፍበታል፤ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ደግሞ የማደሪያ ጓደኞቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ፋሲካም እንዲሁ ነው። ወዳጅነት የሚጀምረው ከእነዚህ ተጓዦች አንዱ «ና፣ እኛ ዘንድ አሳልፍ» ሲለው ነው።

መድረሻው ሞላሌ ከሆነ ከቃሪያው በላይ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደረብለታል፤ ጉርሻን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ጓደኛው አስቀድሞ ቢነግረው ደግ ነው። የተበላው በግ፣ የተጠጣው ጠላ ካለቀ በኋላ እናትየው ስለ እናቱ ትጠይቀዋለች። የቤተ ሰቡ የንስሐ አባት የመጡ እንደሆነ በጸሎት እንዲያስቡት የክርስትና ስሙን ይጠይቁታል። ጴጥሮስ ወይም ዮሐንስ የሚባል ደቡብ ሱዳናዊ የመታወቂያ ስሙ ራሱ የክርስትና ስሙ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። የክርስትና ስም የሌለው እንግዳ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጓደኛውም እስከዚያ ሰዓት ሳይሰብክ የቆየውን በዚያች ጥያቄ ላይ ይጀምራል።