ደጋፊው አባት ሲሆን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

የዛሬው ርእሳችን ብዙ ወጣት አባቶችን የሚመለከት ነው። ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች በሰው ይሞላሉ። አንዱ የአርሰናል፣ ሌላው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። ከእነዚህ መካከል ትናንት ላጤ የነበሩ፣ ዛሬ ግን የልጅ አባት የሆኑ ብዙ ናቸው። ታዲያ ሰው አባት ሲሆን ደጋፊነቱ ምን ይሁን? ይተወው ወይስ እንደ ድሮው ይቀጥል?

በመጀመሪያ ጨዋታ ማየት በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ እንወቅ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በዒድ ቀን የሐበሻ ሰዎች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ኋላ ሆነው ይመለከቱ ነበር። ነቢዩም ባለቤታቸው እስኪበቃቸው ድረስ ታግሠው ቆሙላቸው። ያ ጨዋታ ባልና ሚስትን አቀራረበ እንጂ አላራራቀም። የእኛንም ጨዋታ የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

አባትነት በመጀመሪያ የሚለውጠው የሰዓትን ባለቤት ነው። ሰልማን (ረ.ዐ.) ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ መብት አላቸው ብለው ሲመክሯቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክሩን አጽድቀዋል። እስቲ ይህን ይዘን ሰዓታችንን እንመልከት። የእንግሊዝ ሊግ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታዎች በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚያደርጉባቸው ወራት ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። በሁለቱም ጊዜ መግሪብ የሚገባው በጨዋታው መካከል ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የምሽት ጨዋታ ደግሞ አንዳንዴ 5 ሰዓት ጀምሮ ሊጠናቀቅ 7 ሰዓት ይቃረባል፤ ከዚያ በኋላ የተኛ ሰው ለሱብሒ መነሣት ይከብደዋል። ላጤ እያለ በዚህ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነበር። አሁን ግን የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን የምታመሽ እናት አለች። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ሰላት እስኪደርስ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር ብለው መመለሳቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

«ጨዋታው እኮ አይቆምም» የሚል ካለ፣ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2021 በረመዷን ወር ሌስተር ሲቲና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ መግሪብ ደረሰ። ወስሊ ፎፋናና ቼይኩ ኩያቴ እንዲያፈጥሩ ጨዋታው ለአፍታ ተገታ። በሜዳ ላይ ያለው ተጫዋች ጊዜ ካገኘ፣ በወንበር ተቀምጦ የሚያየው እንዴት ያጣል?

ሁለተኛው ለውጥ በስሜት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ብራዚል ጣሊያንን ስታሸንፍ፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን የተከታተሉ ደጋፊዎች ምራቅ ተመርምሮ ነበር። ቴስቶስትሮን የሚባለው፣ ከፉክክር ስሜት ጋር የሚያያዘው ንጥረ ነገር በአሸናፊዎቹ ደጋፊዎች ከፍ፣ በተሸናፊዎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኳሱን ሳይነኩ ሰውነታቸው እንደ ተጫዋች ሆነ ማለት ነው። በፊሊፒንስ ደግሞ 624 ወጣት ወንዶች ከ2005 እስከ 2009 ድረስ ተጠንተው ነበር። አግብተው አባት የሆኑት ላይ ይኸው ንጥረ ነገር በጣም ቀነሰ፤ በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጃቸውን የሚንከባከቡት ላይ ደግሞ ምንም ከማይንከባከቡት ይልቅ ዝቅ ያለ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ወንዱን ከፉክክር ወደ እንክብካቤ የሚያሸጋግርበት ጥበብ አለው። ልጁን የሚያቅፍ አባት የኳስ ነገር እንደ ድሮው ባያንገበግበው አይደነቅ፤ ይህ መቀነስ ሳይሆን ማደግ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር ውርስ ነው። ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው የቡድኑን ስም ብቻ አይደለም። አባቱ ሲሸነፍ ምን እንደሚናገር፣ ሲያሸንፍ በማን ላይ እንደሚያላግጥ ያያል። ዳኛ ሲሰደብ የሰማ ልጅ ነገ መምህሩን ቢሳደብ ከየት አመጣው አንበል። ስለ ሽንፈትም ነቢያዊ ትምህርት አለን። ዐድባእ የተባለችው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል የማትቀደም ነበረች። አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ መጥቶ ሲቀድማት ሶሐቦች በጣም ከፋቸው። ነቢዩም ከዱንያ ነገር ከፍ ያለውን ሁሉ አላህ ዝቅ ማድረጉ እንደማይቀር አስተማሯቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ዋሊያዎቹም እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ከወጡ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ከምድባቸው ሳያልፉ ተመልሰዋል። ሳይሳደብ «በርቱ» ያለ አባት ለልጁ ከዋንጫ የበለጠ ነገር አሳይቷል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። በጨዋታ ውጤት ገንዘብ ማስያዝ፣ ዛሬ «ቤቲንግ» የሚባለው፣ ስሙ ቢለወጥም ቁማር ነው። ቁማርን ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ ከልክሎታል። አባት ያስያዘው ብር የራሱ ብቻ አይደለም፤ የልጁ ወተትና ደብተር ነው።

ስለዚህ ውድ አባቶች፣ ኳስን ፈጽማችሁ ተዉ አንላችሁም። ምረጡ ግን እንላለን። የሳምንቱን ጨዋታ ሁሉ ከማሳደድ አንዱን ያዙ። ሰላት ሲደርስ ልጁን እጁን ይዛችሁ ወደ መስጂድ ሂዱ፤ ውጤቱ አይጠፋም። የሚስታችሁን ድካም ተካፈሉ። ከሁሉም በላይ ከልጃችሁ ጋር ራሳችሁ ተጫወቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣ እስኪወርድ ታግሠው ሱጁዱን አስረዝመዋል። እኛስ ለልጃችን ስንል አንድ ግማሽ ጨዋታ ቢያመልጠን ምን ይጎድልብናል?

አላህ ልጆቻችንን የዐይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ ጊዜያችንን ይባርክልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።