የልጅነት መከራና የጐልማሳ ጤንነት

አንድ ጐልማሳ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ልብ ሕመም ወደ ሐኪም በሄደ ጊዜ ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ይጠየቃል እንጂ፥ በ7 ዓመቱ በቤቱ ውስጥ ምን ይደርስበት እንደ ነበረ የሚጠይቀው እምብዛም አይገኝም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ በአሜሪካ አገር በሳን ዲዬጎ ከተማ እጅግ የወፈሩ ሰዎች የሚታከሙበትን ክሊኒክ ይመሩ ነበር። ብዙዎች ክብደታቸው በመልካም ሁናቴ እየቀነሰ ሳለ ሕክምናውን ትተው መሄዳቸው አስገረማቸው። ምክንያቱን ቢመረምሩ፥ ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው ክብራቸው የተደፈረ ሆነው ተገኙ። ለአንዳንዶቹም ውፍረቱ በሽታ ሳይሆን መጠጊያ ነበር።

ከዚህ በኋላ ከዶክተር ሮበርት አንዳ ጋራ ሆነው ከ17,000 የሚበልጡ ጐልማሶችን ጠየቁ። በልጅነትዎ ይደበደቡ ነበርን? እናትዎ ሲመቱ አይተዋልን? በቤታችሁ ሰካራም ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ነበረን? በ1998 ዓ.ም. በታተመው የመጀመሪያ ውጤት፥ ከነዚህ መከራዎች 4 ወይም ከዚያ በላይ የደረሱባቸው ሰዎች አንድም ካልደረሰባቸው ይልቅ በስካር፥ በጽኑ ትካዜና ራስን ለመግደል በመሞከር ከ4 እስከ 12 እጥፍ በልጠው ታዩ። የልብና የሳንባ በሽታም እንደ መከራው ብዛት ይበዛ ነበር። ተጠያቂዎቹ ግን አብዛኞቹ የተማሩና የሕክምና ዋስትና ያላቸው ስለ ነበሩ፥ ነገሩ የድህነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢባል፥ ሰው ጅብ ባጋጠመው ጊዜ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደሙ ይለቃሉ፤ ልቡ በኀይል ይመታል፤ በደሙ ያለው ስኳር ይጨምራል፤ ለመሸሽም ለመታገልም ጕልበት ያገኛል። ጅቡ ሲሄድ ሰውነቱ ይረጋጋል። ነገር ግን ጅቡ በየማታው ሰክሮ የሚገባ አባት የሆነ እንደ ሆነ፥ ገና በማደግ ላይ ያለው አንጎል ሁልጊዜ እንደ ዘበኛ ነቅቶ ይኖራል። እንዲህ ያለው ልጅ ሲጐለምስ በትንሽ ነገር የሚደነግጥ፥ እንቅልፍ የሚያጣ፥ መጽናኛውንም በትምባሆና በመጠጥ የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። በየመሥሪያ ቤቱ ቁጡ ነው ወይም ሰነፍ ነው ተብሎ የሚጻፍበት ሠራተኛ ስንት ጊዜ ይህ ሰው ይሆን?

ይሁን እንጂ ነገሩ የማይለወጥ ዕድል አይደለም። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በ2000 ዓ.ም. በተጀመረ ጥናት፥ በሕፃናት ማሳደጊያ ከነበሩት 136 ሕፃናት እኩሌቶቹ በዕጣ ተመርጠው ለአሳዳጊ ቤተ ሰቦች እንዲሰጡ ተደረገ። በ12 ዓመታቸው ገደማ አስጨናቂ ፈተና በቀረበላቸው ጊዜ፥ በማሳደጊያው እንዲቈዩ ዕጣ የደረሳቸው ልጆች ሰውነት የደነዘዘ መልስ ሰጠ፤ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተ ሰብ የገቡት ልጆች ኮርቲዞል ግን በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት ልጆች ጋራ የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ።