ጥሎ ማለፍ፦ የኢትዮጵያ ዋንጫ ከሜጋ ሲታይ

ቅዳሜ ከሰዓት በቦረናዋ ሜጋ ከተማ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የእንግሊዝ ኤፍኤ ካፕ እየታየ ነበር። ስሙን በቅጡ የማንጠራው የታችኛው ዲቪዚዮን ክለብ አንዱን ሀብታም አስጨንቆ ይዞታል፤ ቤቱም ጠቅላላ የሚጮኸው ለትንሹ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ እኛስ አገር እንዲህ ያለ ዋንጫ አለ እንዴ?» አለኝ።

አለ። ያውም የአያቱ እኩያ ነው። የኢትዮጵያ ዋንጫ የተጀመረው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ገና አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የወሰደው የጦሩ ክለብ ነው፤ ስሙ ከመንግሥት መንግሥት እየተቀያየረ መቻል፣ መከላከያ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ መቻል የተባለው። ጊዮርጊስ በሊጉ የሚነግሠውን ያህል እዚህ አልነገሠም።

ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነው። ስሙ ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ ጣልና እለፍ። ቃሉ ከኳስ ይልቅ ለትግል የተሠራ ይመስለኛል። 16 ክለቦች ደርሶ መልስ የሚገናኙበት ሊግ 240 ጨዋታ ይፈልጋል፤ እነዚያው 16 በጥሎ ማለፍ ቢገናኙ 15 ጨዋታ ይበቃቸዋል፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ክለብ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። ዋንጫ ለማንሳት አራት ጊዜ ማሸነፍ ነው። በሊግ ውስጥ ሀብት ቀስ ብሎ ያሸንፋል፤ በ90 ደቂቃ ውስጥ ግን አንዳንዴ ሳይደርስ ይቀራል። እኩል ከሆኑ ተጨማሪ ሰዓት፣ ከዚያም የልብ ሕመም ላለበት ሰው የማይመከረው የመለያ ምት አለ።

የቆላ ሰው ይህን ስሌት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከአካባቢያችን፣ ከዲሎ ወይም ከዱብሉቅ ተጭኖ የሚመጣን ቡድን ለሊግ ብሎ በየሳምንቱ ማመላለስ አይቻልም፤ የነዳጁ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እዚህ ውድድር ከተባለ ጥሎ ማለፍ ነው። የተሸነፈው በመጣበት መኪና ጀንበር ሳትጠልቅ ይመለሳል።

አገራችንም ብትሆን የአፍሪካን ዋንጫ አንድ ጊዜ የበላችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምድብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ጣልንና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ሁለት ጨዋታ ብቻ!

የኢትዮጵያ ዋንጫ ትልቁ ሽልማት ከብሩ የተሠራው ዕቃ አይደለም፤ ትኬቱ ነው። የሊጉ ሻምፒዮን ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲሄድ፣ የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ይሄዳል። ትኬቱ ምን እንደሚያደርግ ወላይታ ድቻ አሳይቶናል። ከተመሠረተ አሥር ዓመት ያልሞላው የሶዶ ክለብ በ2009 ዓ.ም. ዋንጫውን ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አልፎ ከዛማሌክ ጋር ተደለደለ። ዛማሌክ ማለት አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። ድቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ። በመለያ ምት ግን 4 ለ 3 ጣለው! መጋቢት 2010 ነበር። ቀጥሎ የታንዛኒያው ያንጋ ቢያስቆመውም ሊጉን በልቶ የማያውቅ ክለብ ካይሮ ድረስ ሄዶ የሠራው ነገር በሊግ መንገድ የሚሆን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። በ2011 ፋሲል ከነማ ካነሳው በኋላ ኮሮና መጣ፤ ኮሮናው ሄዶም ዋንጫው ለዓመታት ሳይመለስ ቀረ። ትኬቱ ለሊጉ ሁለተኛ ይሰጥ ጀመር፦ ለኢትዮጵያ ቡና፣ ለፋሲል፣ ለባሕር ዳር። እነሱ ምን በደሉ፤ የተጎዳው ወደ አፍሪካ የሚወጣበት ሌላ በር የሌለው ትንሽ ክለብ ነው። ውድድሩ በ2016 ሲመለስ ከፕሪምየር ሊጉ ሌላ የከፍተኛ ሊግ ክለቦችም ገቡበት፤ ዋንጫውን ግን ቡና ወሰደ። ወደ አፍሪካ ሲወጣ ያስቆመውም የጎረቤታችን ኬንያ ፖሊስ ነው። ከሜጋ እስከዚያ ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ እዚህ ሰፈር ሽንፈቱ ትንሽ በረታ ብሎ ተሰምቷል።

ሊጉን ዛሬ የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ዋንጫው ግን አሁንም በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እጅ ነው። እኔ ይህን እንደ መልካም ዕድል አየዋለሁ፤ የቴሌቪዥን ውልና የስፖንሰር ሒሳብ እንደ ሊጉ አያስረውምና። ኤፍኤ ካፕን ያን ጎረምሳ ያስጮኸው ውድድር ያደረገው ፍጻሜው አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የመንደር ክለቦች ሳይቀሩ መግባታቸው ነው። የኛው ዋንጫ ግን የኛን ሰፈር ሜዳ ረግጦ አያውቅም።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑ አንድ ልመና አለን፤ ከመጀመሪያው ዙር ጨዋታዎች አንዷን ወደዚህ ስደዱልን፣ ነገሌም ትሁን ያቤሎ። ከክልል ሊግ ለሚመጣ አንድ የቆላ ቡድንም በድልድሉ ውስጥ ቦታ ፈልጉ። ሜዳችን አቧራ ነው፤ የሜጋ ነፋስም ኳስ ይወስዳል። መንገዱ ግን አስፋልት ነው፤ እስከ ካይሮ የሚሄደው።