የፀጉር ጥቅልልነትና የሹሩባ ጥብቀት፦ ለጤና ባለሙያዎች

ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት አጼ ቴዎድሮስ ባለሹሩባ እንደነበሩ በስፋት ይታወቃል። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካረፉ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የፀጉራቸው ዘለላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ሹሩባ በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ ክብር ያለው ጌጥ ነው። በመሆኑም ፀጉሯ ስለሳሳባት ወደ ጤና ተቋም የመጣችን ሴት በሚገባ ለመርዳት ልማዱን ከመንቀፍ ይልቅ የፀጉሩን ተፈጥሮ መረዳት ይጠቅማል።

ፀጉር ለምን ይጠቀለላል?

የፀጉርን ቅርጽ የሚወስነው በቆዳ ውስጥ ያለው የፀጉር ከረጢት ነው። ከረጢቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የተቆለመመ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ ጎኖቹ ያለው ዕድገት እኩል ስለማይሆን ፀጉሩ ይጠቀለላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፀጉርን በዘር ስም ሳይሆን በጥቅልሉ መጠን በ8 ደረጃዎች መድቧል። በአንድ ሰው ራስ ላይ እንኳ የተለያየ ጥቅልል ሊታይ ይችላል።

ጥቅልልነት በሽታ አይደለም። ነገር ግን የራስ ቆዳ ወዝ በጥምዝምዙ ላይ እስከ ጫፍ በቀላሉ ስለማይዳረስ ፀጉሩ ይደርቃል፤ ሲበጠርም በየመታጠፊያው ይሰበራል። ቅቤ መቀባት ድርቀቱን ቢያለዝብም የጠበቀ ሹሩባ የሚያደርሰውን ጉዳት አይከላከልም።

ጉዳቱን መለየት

የጠበቀ ሹሩባ የፀጉሩን ሥር ያለማቋረጥ ይጎትታል። በመጀመሪያ ሕመምና በፀጉሩ ሥር ትናንሽ ብጉር መሰል እብጠቶች ይታያሉ፤ ቀጥሎ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ፀጉሩ ይሳሳል። ብዙውን ጊዜ በዳርቻው ላይ ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች መቅረታቸው ለምርመራ ይረዳል። ጉተታው በዚህ ደረጃ ከቆመ ፀጉሩ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቱ በጠባሳ ይተካል፤ ጉዳቱም ዘላቂ ይሆናል።

በሕፃናት ላይ ቅርፊት፣ የተሰባበረ ፀጉርና የአንገት ንፍፊት አብረው ከታዩ ቆረቆር መጠርጠር አለበት። ቆረቆር ፈንገስ የሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ስለሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ቅባት ብቻውን አያድነውም።

ምን እንምከር?

ባለሙያው ሹሩባው መቼ እንደተሠራና ያምም እንደሆነ ይጠይቅ፤ የግንባሩንም ዳር ገልጦ ይመልከት። የሚያም ሹሩባ ወዲያውኑ እንዲላላ ወይም እንዲፈታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጉንጉኑ ወፈር፣ ላላም ብሎ እንዲሠራ፣ በመካከሉም ፀጉሩ እንዲያርፍ ይምከር። «ሕመሙ ይለመዳል» የሚለውን አባባል በተለይ የትንንሽ ልጆች እናቶች እንዳይቀበሉት ማስረዳት ይገባል፤ ሕመሙ ጠባሳ ከመምጣቱ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነውና።