የግቢ ውሻ አያያዝ፦ ለቤተሰብና ለከብት ጤና

የቤትዎን ሀብት ሲያስመዘግቡ በሬው፣ ላሟ፣ በጉ፣ ዶሮውም ሳይቀር ይቆጠራል። ውሻውን ግን የሚቆጥረው የለም። ሌሊት ጅብና ሌባ ከበረቱ የሚያርቀው፣ ቀን ከእረኛው ጋር የሚውለው እሱ ቢሆንም መኖው፣ ክትባቱና ማደሪያው የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። በዚህ ቸልተኝነት የሚጎዳው ውሻው ብቻ አይደለም። ከውሻ ወደ ሰውና ወደ ከብት የሚተላለፉ ሁለት ሦስት በሽታዎች አሉ፤ ሁሉም በባለቤቱ እጅ የሚገቱ ናቸው።

የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በታመመ እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል። የሚተላለፈው በአብዛኛው በንክሻ ነው፤ ነገር ግን ለሃጩ በተላጠ ቆዳ፣ በቁስል፣ በዓይን ወይም በአፍ ቢገባም ያው ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ እንስሳ የሚተርፍበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ 100 ሰዎች 99ኙ የሚይዛቸው ከውሻ ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስተናል። «እብድ» ስንል የሚሮጥ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ እናስባለን። እንዲህ ያለው አለ፤ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ቤቱን ጥሎ ይጠፋል። ሆኖም ዝም የሚለውም አለ። ጥግ ይዞ ይተኛል፣ አገጩ ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለውና እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ከሁለቱ የበለጠ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው፤ ማንም አይሸሸውምና።

በከብትም ላይ እንዲሁ ነው። የተነከሰች ላም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለማቋረጥ በጎርናና ድምፅ ትጮኻለች፣ ለሃጯ ይወርዳል፣ ምግብ መዋጥ ያቅታታል፣ ከዚያም የኋላ እግሮቿ ይከዷታል። «ጉሮሮዋ ላይ ድንች ቆሞባት ነው» ብሎ ክንዱን እስከ ጉሮሮዋ የሚሰድ ሰው አይጠፋም። የምትጮኽና የምታለኸልኽ ላም ካለች አፏን አይንኩ፤ ከሌሎቹ ለይተው ያስሩና የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ይጥሩ። ወተቷን አይጠጡ፣ ለማረድም ለመሸጥም አይቸኩሉ።

ሰው ሲነከስ የመጀመሪያው መድኃኒት በቤት አለ፦ ሳሙናና ውሃ። ቁስሉን ውሃ እያፈሰሱ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በሳሙና ያጥቡ። ቡና፣ ቅቤ፣ በርበሬ አያድርጉበት፤ አይተኩሱትም። ከዚያ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ክትባት ይጠይቁ። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይፍጠኑ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ ፊታቸውና እጃቸው ላይ ይነከሳሉ፣ ጭንቅላት አጠገብ የሆነ ንክሻም በሽታውን ያፈጥነዋል። ልጅ ቅጣት ፈርቶ ንክሻን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ቢነግራችሁ እንደማትቆጡት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። «እገሌ ቅጠል ጠጥቶ ድኗል» የሚለው ወሬ ከየት ይመጣል? የነከሰው ውሻ ሁሉ በሽታው የለበትም፤ ስለዚህ ምንም ሳይወስድም የማይታመም ሰው ብዙ ነው። በሽታው ያለበት ውሻ ቢነክስም ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት። በዚህ መሀል መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ጸሎቱና ጸበሉ አይከለከልም፤ ክትባቱን ግን ማዘግየት የለበትም።

የነከሰውን ውሻ ወዲያው መግደል የተለመደ ነው። በደህና መያዝ ከተቻለ ግን አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ይሻላል። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ዕለት በለሃጩ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ የጤና ባለሙያው ይህን አይቶ የተጀመረውን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል። የተነከሰው ሰው ግን ውጤቱን እየጠበቀ ክትባቱን አያቆይ። ውሻው መገደሉ ግድ ከሆነ ጭንቅላቱን አይምቱት፤ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም እንኳ። «ገመዱን በጥሶ ነው» ማለት ከካሳ አያድንም።

ጉዳቱ ከሰውና ከከብትም ያልፋል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በተደጋጋሚ ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን በብዛት ፈጅቷል። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋ የምትኖሩ አርሶ አደሮች ውሻችሁን ስታስከትቡ ይህን በአገራችን ብቻ የሚገኝ አውሬም እየጠበቃችሁ ነው።

ሳምባና ጉበት ለውሻ አይጣልም

በበዓል በግ ሲታረድ ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይተው ያውቃሉ? ያ ከረጢት የትል ዕጭ ነው። አብዛኛው ሰው «ይሄ አይበላም» ብሎ ለውሻው ይወረውረዋል፤ ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በውሻው አንጀት ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ትል ሆኖ ያድጋል። ውሻው የታመመ አይመስልም፣ ነገር ግን እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ፣ በጓሮ አትክልቱና በምንጩ ዳር ይበትናል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ውሻ ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅም ይውጠዋል። በሰው ጉበትና ሳምባ ላይ ከረጢቱ ዓመታት ቆይቶ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ነው።

አንገቱን አጣሞ በአንድ ቦታ የሚዞር በግም ብዙውን ጊዜ የዚሁ ዓይነት ታሪክ አለው። በአንጎሉ ውስጥ ሌላ የውሻ ትል ከረጢት ሠርቷል። በጉ ይታረዳል፣ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በግ ይዞራል።

ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃና የሚዞር በግን ጭንቅላት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ፣ ድንጋይም ይጫኑበት፤ ወይም ያቃጥሉት። ለውሻው መስጠት ከፈለጉ ጤነኛ የሚመስለውንም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅለው ይስጡት። ከዚህ ጋር በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል። መጠኑ በክብደቱ ስለሚወሰን ለበግ የተገዛውን ፍሬ ገምቶ መስጠት ትክክል አይደለም፤ ለእነዚህ ትሎች የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የተባለው ነው። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አስረው ያቆዩትና ዓይነ ምድሩን ሰብስበው ይቅበሩ።

ጥሩ ጠባቂ የሚሆነው

«ውሻ ካልተራበ አይጠብቅም» ይባላል። የተራበ ውሻ ግን የሰው ጓዳና የቆሻሻ ክምር ሲያስስ ያድራል እንጂ በረትዎ ደጃፍ አይገኝም። ጠዋትና ማታ በራሱ ዕቃ ይመግቡት፣ ንጹሕ ውሃ አይጡበት፣ ዝናብና ቁር የማያገኘው ማደሪያ ይሥሩለት። ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ጆሮውን መቁረጥ ቁስልና ሕመም ከማትረፍ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

የውሻ ጠባይ የሚቀረጸው በቡችላነቱ፣ በተለይ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በግ እንዲጠብቅ ከፈለጉ በዚህ ዕድሜ ከግልገሎች ጋር እያየኸው ይዋል፤ ግልገል ሲያባርር ወዲያው ያስቁሙት። ልጆች፣ እንግዳ፣ አህያ ይልመድ። ትእዛዙ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ተው»። አባት «ተው» ካለ ልጅም «ተው» ይበል። ሲታዘዝ በዚያው ቅጽበት ቁራሽ እንጀራ ይስጡት። ጠርተው ሲመጣ የሚመቱት ውሻ ሁለተኛ ሲጠራ አይመጣም።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚውል ውሻ ፈሪና ተናካሽ ይሆናል። ማሰር ካስፈለገ በሁለት እንጨት መካከል ሽቦ ወጥረው ገመዱ በላዩ እንዲንሸራተት ያድርጉ፤ ጥላና ውሃ እንዲደርስበትም።

ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ኮርማ ትፈልጋለች፣ በ63 ቀን አካባቢም ትወልዳለች። ቡችሎቹን መንገድ ዳር መጣል ነገ በጎችዎን የሚፈጅ ባለቤት አልባ መንጋ ማርባት ነው። በዚያ ሰሞን ሦስት ሳምንት ያህል ዘግተው ያቆዩአት፤ ወንዱን ማኮላሸት ስለሚቻልበት መንገድም የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

የክትባት ቀን

ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተባል። በአንድ አካባቢ ካሉ 10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ ከተከተቡ በሽታው መዛመቻ ያጣል። የእርስዎ አንድ ውሻ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ከልማት ቡድንዎ ጋር ቤት ለቤት ይቁጠሩና ቁጥሩን ለባለሙያው አስቀድመው ይስጡ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ውሾች የሚሆን ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ለነገ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጠዋት ቢመጡ ክትባት አይባክንም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በመስቀል ሰሞን መስከረም 18 ይውላል፤ ለዓመታዊው ክትባት ማስታወሻ እንዲሆን ይጠቀሙበት።

ውሻውን ከቀናት በፊት ገመድ ያለማምዱት። የሚናከስ ከሆነ ለስላሳ ጨርቅ በአፍንጫው ዙሪያ ጠምጥመው፣ ከአገጩ ሥር አቋርጠው ከጆሮው ኋላ ይቋጩ፤ ከደቂቃዎች በላይ ግን አያቆዩት፣ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነውና። ይዞት የሚመጣውም ልጅ ሳይሆን ውሻው የሚታዘዘው አዋቂ ይሁን።