ጨረታው ኮምፒውተር ላይ ወጣ፤ አካል ጉዳተኛው ነጋዴስ?

እንደሚታወቀው በአገራችን ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። ከወረቀትና ከወንበር ጀምሮ እስከ መንገድ ሥራ ድረስ አብዛኛውን የሚገዛው በጨረታ ነው። ስለዚህ ከጨረታ የቀረ ነጋዴ ከትልቁ ገበያ ቀረ ማለት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ማስረዳት የምፈልገው ቴክኖሎጂ አካል ጉዳተኛ ነጋዴዎችን ወደዚህ ገበያ እንዴት እንደሚያስገባ፣ እንዴትስ መልሶ እንደሚያስወጣ ነው።

በመጀመሪያ በወረቀት የሚሠራበትን አሠራር እንይ። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ተጫራቹ ንግድ ፈቃዱን ይዞ በአካል ሄዶ ሰነድ ይገዛል፤ ሞልቶም በታሸገ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከታል። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የግዥ ክፍል የተዘጋ በር ነው። መስማት የተሳነው ሰው በቅድመ ጨረታ ስብሰባ የሚሰጠው ማብራሪያ ያመልጠዋል። ዓይነ ስውሩ ደግሞ ዋጋውን የሚሞላለት ሰው ይፈልጋል። የጨረታ ዋጋ ግን ምስጢር ነው፤ ለሌላ ሰው መንገሩ በራሱ አደጋ አለው።

በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት በጥቂት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ተስፋፋ። ምዝገባው፣ ሰነዱና ዋጋ ማቅረቡ በኢንተርኔት ሲሆን ደረጃ መውጣት ይቀራል። ማብራሪያው በጽሑፍ ሲሰጥም መስማት የተሳነው ተጫራች ከሌላው እኩል ያነበዋል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ማለትም በስክሪን ሪደር ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤንቪዲኤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ድምፁ የሮቦት ቢመስልም አማርኛም ያነባል። ከአንድ ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን የተለያዩ የጨረታ ሰነዶችን በዚህ ፕሮግራም ሞክረን ነበር። ሦስት ነገር አስተዋልን።

አንደኛ፣ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ስካን የተደረገ ሰነድ ለኮምፒውተሩ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፕሮግራሙ ዝም ይላል።

ሁለተኛ፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ኮድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ትርጉም የሌለው ነገር ይለፈልፋል። የግዕዝ ፊደል ግን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው።

ሦስተኛ፣ በስዕል ብቻ የተሠራና ስም ያልተሰጠው ቁልፍ «በተን» ተብሎ ብቻ ይነበባል። «ላክ» ይሁን «ሰርዝ» በምን ይታወቃል? የጨረታ ሰዓት እየቆጠረ መገመት ደግሞ ከባድ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚደነግገው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ነው። ማለትም የሚያየው ሥራ ፈላጊውን ነው እንጂ ለመንግሥት ዕቃ የሚሸጠውን ነጋዴ አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 መረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂም ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሴክሽን 508 የሚባለው ሕግ በ1998 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለ ወዲህ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆን ያስገድዳል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ግዴታው የሚጀምረው ከግዥው ከራሱ ነው።

በእኔ አስተያየት እኛም ከዚህ መጀመር እንችላለን። ሰነዱ ስካን ሲደረግ ዋናው የዩኒኮድ ጽሑፍ አብሮ ይለጠፍ። ቁልፎቹ ስም ይሰጣቸው። ሥርዓቱ ሲሻሻል ዓይነ ስውራን ራሳቸው ይፈትሹት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ግዥ ክፍል ተቀምጠን ሰነድ የምናዘጋጀው ደግሞ እኛው የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ነንና ከአሁኑ እንልመደው እላለሁ።