በእንስራው ውስጥ ያደረው እንግዳ

በቸሃ ወረዳ እምድብር አካባቢ ከጓሮ ምንጭ ተቀድቶ በእንስራ ወይም በጄሪካን ያደረ ውሃ ጠዋት ሲገለበጥ አንዳንዴ የሚንቀሳቀስ ነገር ይዞ ይገኛል። በአብዛኛው ቤት ውሃው ይደፋል፣ ዕቃው በቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። እኔ ግን ከመድፋቱ በፊት ጥቂቱን በነጭ ሳህን ገልብጦ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ውሃ ውስጥ የተገኘ ፍጡር ውሃው የት ላይ ክፍት ሆኖ እንደቆየ ይናገራል፤ ምንጩ ጋ ነው ወይስ ቤት ከገባ በኋላ? ለዚህ ጥያቄ ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው አልቅት ነው። አልቅትን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም፤ ዳሩ ግን የምናውቀው ደም ጠግቦ፣ ወፍሮና ለስልሶ ከበሬ አፍ ሲወጣ ነው። እንስራ ውስጥ የሚገባው ገና ያልጠገበው ነው፤ ከክር እምብዛም የማይወፍር፣ ጨለም ባለ ዕቃ ውስጥ ዓይን የማያርፍበት። ስለዚህም ነው ሳይታይ የሚጠጣው።

ሳህኑ ላይ ሲሆን ግን አካሄዱ ያጋልጠዋል። በሁለቱም ጫፉ መምጠጫ አለው። የፊቱን ይተክላል፣ መሃሉን አጉብጦ የኋላውን ወደ ፊቱ ያስጠጋል፣ ከዚያ እንደገና ይዘረጋል። ውሃው ጠለቅ ካለ ደግሞ ሰውነቱን ጠፍጥፎ ወደ ላይና ወደ ታች እየተሞገደ ይዋኛል። በጣት ሲነኩት ይሰበሰባል፣ ሲተዉት ይረዝማል። እንዲህ አድርጎ የሚሄድ ሌላ የእንስራ ነዋሪ አላውቅም።

በኢትዮጵያ ሰውንና ከብትን የሚያስቸግረው ዓይነት በሳይንስ ስሙ ሊምናቲስ ኒሎቲካ ይባላል። ስሙን በ1822 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፈረንሳዊው ሳቪኒ ነው፤ ናፖሊዮን ግብፅን ሲወርር አብረው ከዘመቱት ሊቃውንት አንዱ። ይህ አልቅት ከአውሮፓው የሕክምና አልቅት የሚለየው በመንጋጋው ድካም ነው። ሦስት መንጋጋ ቢኖረውም የሰውን ቆዳ መብሳት አይሆንለትም። ስለዚህ እግር ላይ አይለጠፍም፤ ለስላሳውን የአፍ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ውስጥ ይፈልጋል። ከብት ወይም ሰው ጎንበስ ብሎ ከኩሬ ሲጠጣ፣ ያ ክር የሚያክለው ከውሃው ጋር ይገባና ቦታውን ይይዛል። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይቆያል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስለሚለቅ እሱ ከለቀቀ በኋላም መድማቱ ወዲያው አይቆምም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሐኪም ሥራ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ነስር፣ ደም የቀላቀለ ምራቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚላወስ ነገር፣ በልጆች ላይ ደግሞ ከባድ የደም ማነስ፦ ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የታተሙ የሐኪሞች ጽሑፎች ደጋግመው የሚገልጹት ይህንኑ ነው። ማንቁርት ላይ ሲጣበቅ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። አርሶ አደሩ ለከብቱ ጨው ወይም የትምባሆ ውሃ ይጠቀማል፤ ጨው ደግሞ በእርግጥም ያስለቅቀዋል። በሰው ጉሮሮ ግን ሙከራው አደገኛ ነው፤ የተለቀቀው ወደ ሳንባ ቧንቧ ሊወርድ ይችላልና። ሐኪሙ መጀመሪያ ያደነዝዘዋል፣ ከዚያ በወረንጦ ያወጣዋል።

ሌሎቹ እንግዶች ይህን ያህል አያስፈሩም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ቡናማ የሆነና ራሱን በራሱ የሚቋጥር ፀጉር መሳይ ትል ቢገኝ እድሜውን በፌንጣ ወይም በሌላ ነፍሳት ሆድ አሳልፎ ለመራባት ወደ ውሃ የወጣ ነው፤ ሰው ላይ አይኖርም። ደም የመሰለ ቀይ ትል ከታች ካለው ደለል ውስጥ ከተገኘ ደግሞ የማትናከስ ትንኝ እጭ ነው። የቀላው እንደኛው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ አየር ባጠረው ጭቃ ውስጥ የሚኖረውም በዚሁ ነው። በሽታ አያመጣም፣ የዕቃው ታች ግን ከታጠበ መክረሙን ያሳብቃል።

በሌላው ዓለም ቤታቸው የባሕር ውሃ ገንዳ አስቀምጠው ዓሣና ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። ከባሕር የመጣ ድንጋይ በቀዳዳው ያልታዘዘ እንግዳ ይዞ ይመጣል። በእንግሊዝ ኒውኪ ከተማ ባለ አኳሪየም በ2009 እ.ኤ.አ. ኮራሎቹ ማታ ማታ እየተጎዱ ሠራተኞቹ ግራ ተጋቡ። ወጥመድ ቢያኖሩም አልሆነም። በመጨረሻ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲያነሱ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ብርቱ መንጋጋ ያለው የባሕር ትል አገኙ። ባሪ ብለው ስም አወጡለት! ለብቻው ገንዳ መስጠታቸው ግን የእንግሊዝ ነገር ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ለዶሮ ነበር።

አሁን ደግሞ በዓይን ብቻ ወደማይለየው እንግዳ። ጄሪካን ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወርድና የሚወጣ የትንኝ እጭ ሁሉም ያውቃል። ሲያርፍ አቀማመጡን ማየት ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ የተራ ትንኝ እጭ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፤ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ከተጋደመ አኖፊለስ ነው፣ የወባዋ ወገን። የአገራችን ዋና የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ ባገኘው የዝናብ ኩሬ መራባት ስለምትወድ የቤት ዕቃ ብዙ አያሳስብም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ከተሰበሰቡ ትንኞች መካከል አንዷ ዝርያ እንግዳ ሆና ተገኘች። መልኳ ተመረመረ፣ ዘረ መሏ ታየ፤ የደቡብ እስያዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነበረች። አስቀድሞ በ2012 ጅቡቲ ላይ ታይታለች። ይህች የምትወደው በርሜልን፣ ሮቶንና የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳን ነው፤ ማለትም ከተማን። በ2022 በድሬዳዋ በበጋው ወራት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ሆናለች።

እንግዲህ አልቅት ያየ ሰው ወደ ምንጩ ይሂድ፣ እጭ ያየ ሰው ወደ ክዳኑ። በዚሁ በቸሃ ወረዳ ያለው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ የተከፈተው አጣጥ ሆስፒታል ከማከም አልፎ ከማኅበረሰቡ ጋር ምንጭ የማጎልበት ሥራ ውስጥ የገባውም ያለ ምክንያት አይደለም። የምንጩ ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ተዘግቶ ውሃው በቧንቧ ከወጣ፣ ከብቱም በሌላ ገንዳ ከጠጣ፣ አልቅቱ የሚገባበት ያጣል። እስከዚያው ግን ሲቀዱ በእንስራው አፍ ላይ ድርብ ጨርቅ ማሰር ይበጃል። ጨርቁ አልቅቱን ያስቀራል፤ ተቅማጥ የሚያመጣውን ተሕዋስ ግን አያስቀርምና የሚጠጣው ውሃ መፍላት አለበት።